«ጥያቄውን መመለስ አልቻለም»

ባለፈው ጥቅምት ወር ትምህርት ክፍላችን ከረጅም ጊዜ በኋላ አንድ መምህር እንዲቀጥር ተፈቀደለት፤ እኔም የቅጥር ኮሚቴው ጸሐፊ ሆኜ ተመደብኩ። የነጥብ መስጫ ቅጹን ከባዶ ከማዘጋጀት የቆየውን አይቼ ላሻሽለው ብዬ ወደ መዝገብ ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ከመደርደሪያው ጫፍ አውርዳ፣ አቧራውን በጨርቅ ጠርጋ የሰጠችኝ ፋይል እኔ ራሴ የተቀጠርኩበት ሆኖ ተገኘ። መስከረም 2003 ዓ.ም.፣ ዕፅዋት ሳይንስ፣ ሁለት ገጽ ቃለ ጉባኤ፣ የሦስት ሰዎች ፊርማ።

ከስሜ ትይዩ «የተጠየቀውን በልበ ሙሉነት አብራርቷል» ተብሎ ተጽፏል። ቀጥሎ ካለው ስም ትይዩ ደግሞ «ጥያቄውን መመለስ አልቻለም» ይላል። በመካከላችን ያለው ልዩነት 2 ነጥብ ነው። እኔ «ተመርጧል»፤ እሱ «በተጠባባቂነት ተይዟል»።

የተጠየቅነው ጥያቄ አንድ ነበር። እኔ በልበ ሙሉነት ያብራራሁት መልስ ደግሞ ስሕተት ነው። ስሕተት መሆኑን ካወቅሁ ቆይቻለሁ፤ ለብቻዬ ይዤው የኖርኩት ነገር ነው። ያ ስሕተት እኔን ያስቀጠረ፣ ያንን ልጅ ያስቀረ መሆኑን ግን በማኅተም ተረጋግጦ አያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ፋይሉን መልሼ ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ፤ የሄድኩበትን ቅጽ እንኳ ሳልይዝ።

የኮሪደሩ አግዳሚ

እኔ አንደኛ ክፍል ስገባ በአገራችን ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። ስመረቅ በየክልሉ አዳዲስ ሕንፃዎች ቀለማቸው ሳይደርቅ ተማሪ ይቀበሉ ነበር፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ቁጥራቸው ከ40 በልጧል። ያን ሁሉ ተማሪ ማን ያስተምረው? እኛ ነበርን መልሱ። ሰኔ ላይ ጋውን የለበሰ ልጅ መስከረም ላይ ጠመኔ ይይዛል። ስሙ ረዳት ምሩቅ ነው። በወረቀት ላይ ለሁለተኛ ዲግሪ እስኪላክ ድረስ ነባር መምህራንን እያገዘ የሚለማመድ ሰው ነው፤ እኔ ግን በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሁለት ሙሉ ኮርስ ተሰጠኝ።

ማስታወቂያውን ያየሁት ጋዜጣ ላይ ነው። «የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ በመያዝ ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በቃሌ ይዤው ነበር። እናቴ ቁራጩን መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስቀመጠችው። ለእሷ የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ሥራ ብቻ አልነበረም። የቤታችን ስም ነበር። ይህን ስለማውቅ ወደዚያ ኮሪደር የገባሁት አላውቅም ማለት የማይፈቀድለት ሰው ሆኜ ነው።

አግዳሚው ላይ አሥራ አንድ ሆነን ተደርድረናል። ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ትከሻው ላይ የሰፋ፣ የሰው የሚመስል ኮት ለብሷል። ብዙ አልተጨዋወትንም፤ ከየት እንደ መጣን ተጠያየቅን፣ ነጥባችንን ግን ሁለታችንም አልተጠያየቅንም። የመጀመሪያው ተፈታኝ ሲወጣ «ውስጥ ያለው ጠመኔ ስብርባሪ ነው፤ አይጽፍም» ብሎን አለፈ። ያ ልጅ ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት ሙሉ ጠመኔዎች አወጣና አንዱን ሰጠኝ። «እኔ ሁለት አልጨርስም» አለኝ። እኔ ቀድሜው ገባሁ። ያን ቀን የጻፍኩት በእሱ ጠመኔ ነው።

«እርግጠኛ ነህ?»

የሙከራ ትምህርቱ 15 ደቂቃ ነው። የደረሰኝ ርዕስ አቀንጭራ ነበር። ከማሽላ አካባቢ ለመጣ ሰው አቀንጭራን መንገር አያስፈልግም፤ ለሌላው ግን፣ በማሽላ፣ በበቆሎና በዳጉሳ ሥር ላይ ተጣብቆ ምግቡንና ውኃውን የሚጠጣ ጥገኛ አረም ነው። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል። ከመሬት በላይ ብቅ ሲል ግን ከታች ጉዳቱን አድርሶ ጨርሷል፤ ገበሬው ያኔ ቢነቅለው የዘንድሮው ማሽላ አይድንለትም።

ሥዕል ሣልኩ፣ ቀስት አደረግሁ፣ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሦስት ፈታኞች ነበሩ፤ ሁለቱ ወጣቶች፣ አንዱ ጡረታቸው የደረሰ የሰብል ጥበቃ መምህር። ስጨርስ ሽማግሌው ብዕራቸውን አስቀመጡና እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፤ «አንድ ገበሬ አቀንጭራ የበዛበትን ማሳ ሁለት ዓመት ማሽላ ሳይዘራበት ቆየ እንበል። በሦስተኛው ዓመት ማሽላውን ሲመልስ ምን ያገኛል?»

መልሱ ከአፌ የወጣው እሳቸው ጥያቄውን ሳይጨርሱ ነው ማለት ይቻላል። «ንጹሕ ማሳ ያገኛል። አቀንጭራ ያለ ማሽላ መኖር ስለማይችል በሁለት ዓመት ውስጥ ያልቅለታል።» ሰሌዳው ላይ ሁለት ባዶ ሣጥን ሥዬ፣ ሦስተኛው ውስጥ አንድ ያማረ የማሽላ ራስ ጨመርኩበት።

«እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ።»

ሁለቱ ወጣቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽማግሌው ለጥቂት ጊዜ ሥዕሉን ተመለከቱ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ጻፉ። ይህችን ቅጽበት ስንት ጊዜ ወደ ኋላ ሄጄ እንዳየኋት አልነግራችሁም። «እርግጠኛ ነህ?» ያሉት ሊፈትኑኝ ነው ወይስ በር ሊከፍቱልኝ? አሁን መምህር ሆኜ ሳስበው በር ሊከፍቱልኝ ይመስለኛል። እኔም አንዳንድ ጊዜ ለተማሪ እንዲህ እላለሁ፤ ቆም በል፣ አንድ ያላየኸው ነገር አለ ለማለት። ያኔ ግን በዚያ በር መግባት ማለት ሥራውን ማጣት መሰለኝ። እናቴ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያስቀመጠችው ቁራጭ ጋዜጣ ትዝ አለኝ። «አዎ» አልኩ።

የተናገርኩት ግማሹ እውነት ነው፤ የሚያሳስተውም እሱ ነው። የበቀለ አቀንጭራ ያለ አስተናጋጅ ሰብል መኖር አይችልም። ዘሩ ግን ይጠብቃል። አንዲት የአቀንጭራ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ታፈራለች፤ እያንዳንዱ ከብናኝ አይሻልም። ያ ብናኝ አፈር ውስጥ ተኝቶ፣ የማሽላ ሥር የሚለቀውን ኬሚካል እስኪያገኝ ድረስ አይነቃም። ምልክቱ ካልደረሰው ለዓመታት ሳይበቅል ይቆያል፤ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ እንደሚችል የዘርፉ ባለሙያዎች ይጽፋሉ። የዓለማያ ምሩቅ የሆኑት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ሥራ ያረፈው እዚህ ላይ ነው። ሥራቸው አቀንጭራን የሚቀሰቅሰውን ምልክት እምብዛም የማይለቁ የማሽላ ዓይነቶችን እስከ መስጠት ደረሰ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። ከዚያ ሥራ የመጡት ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች ወደ አገራችን ገበሬም ደርሰዋል። እኔ በ2003 መስከረም ያንን ሰሌዳ ስሞላ ሽልማቱ ከተሰጠ ዓመት አልሞላውም ነበር። አላነበብኩም። ነጥቤ ግን 3.8 ነበር።

ከራያ የመጣው ተማሪ

ሁለቱን ባዶ ሣጥኖች ሁለት ዓመት አስተማርኳቸው። ማስታወሻዬ ውስጥ ነበሩ፣ ፈተና ላይም አወጣኋቸው፣ «ሁለት ዓመት» ብሎ የጻፈ ሙሉ ነጥብ አግኝቷል።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ከራያ ቆቦ የመጣ ተማሪ እጁን አወጣ። «መምህር፣ የአባቴ ማሳ ላይ አምስት ዓመት የተዘራው ማሾ ነው። ባለፈው ክረምት ማሽላ ስንመልስበት አቀንጭራው እንዳለ ወጣ። ለምንድን ነው?» አለኝ። ጥያቄው ከመጽሐፍ የመጣ አልነበረም፤ እግሩ የረገጠው መሬት ነው። ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም አሁንም ለማመን የሚከብደኝን ነገር አደረግሁ። «ምናልባት ከጎረቤት ማሳ በጎርፍ መጥቶ ይሆናል» አልኩት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ጻፈው። በዓይኑ ያየውን ትቶ የእኔን ግምት ጻፈ።

ማታ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ እውነቱን አገኘሁት። ፍለጋው አንድ ሰዓት አልፈጀም። አንድ ሰዓት! በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ገብቼ አስተካከልኩ፤ ልጁንም በስሙ ጠርቼ ትክክል የነበረው የአባቱ ማሳ እንደሆነ ነገርኩት። ከእነሱ በፊት የተመረቁትን ሁለት ምድቦች ግን የት አገኛቸዋለሁ? ብዙዎቹ በየወረዳው የግብርና ባለሙያ ሆነዋል። ከመካከላቸው አንዱ አንድ አባወራ ፊት ቆሞ «ሁለት ዓመት ማሽላ አትዝሩ፤ ይጠፋል» ብሎ ይሆናል። ያ ሰው ሁለት ዓመት የለመደውን እህል ትቶ፣ በሦስተኛው ዓመት ሐምራዊውን አበባ ሲያይ ማንን ይመን? አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ዘንድ ይህ ተረት ምሳሌ ብቻ አይደለም።

በሩና ደረጃው

ፋይሉን ካየሁ በኋላ ያስጨነቀኝ የእኔ ስሕተት ብቻ አይደለም፤ ማንም በ22 ዓመቱ ይሳሳታል። ያስጨነቀኝ ቅጹ ነው። ቅጹ የተሳሳተውን ሰው ከፍ፣ ያልተሳሳተውን ዝቅ አድርጎ ያስቀመጠው እንደ ደንቡ ተሠርቶበት ነው። ማንም አላዳላም። ማንም ገንዘብ አልተቀበለም። ለመጀመሪያ ዲግሪ ነጥብ 50፣ ለጽሑፍ ፈተና 30፣ ለሙከራ ትምህርትና ለጥያቄ 20 ይሰጣል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል፤ ያ 20 የሚለካው አነጋገርን ነበር።

ማስታወቂያዎቻችን ሁሉ «ለማስተማርና ለምርምር ሥራ» ይላሉ። ሰው ግን ሲቀጠር የሚፈተሸው ስንት እንደሚያውቅ ነው። ከገባ በኋላ ወደ ላይ የሚያስወጣው ሌላ ነው። ከሌክቸረር በላይ፣ ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያም ወደ ተባባሪና ሙሉ ፕሮፌሰር ሲሄድ የሚጠየቀው የታተመ ምርምር እየከበደ ይመጣል። ምርምር ማለት ደግሞ ሰው መልሱን የማያውቀውን ጥያቄ ይዞ ወራትና ዓመታት መቆየት ነው። በሩ የሚጠይቀውና ደረጃው የሚጠይቀው ተለያዩ። እንደ እኔ ያለው በሩን በቀላሉ ያልፍና ደረጃው ሥር ለዓመታት ይቆማል። እኔ ራሴ በሳምንት 20 ክፍለ ጊዜ ያስተማርኩባቸው መንፈቆች ስላሉ የጊዜን ችግር አልክድም። ግን እውነቱን ልናገር፤ ጊዜ ባገኘሁባቸውም ክረምቶች ቢሆን ምን እንደምጠይቅ አላውቅም ነበር። ማንም ጥያቄ ይዤ እንድመጣ ጠይቆኝ አያውቅም።

የአብነት ትምህርት ቤቱ ይህን በተሻለ ያወቀው ይመስለኛል። ድጓ የሚማር ደቀ መዝሙር የድጓ ምስክር ቤት ወደሆነው ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ ከማስመስከሩ በፊት ለዓመታት ለታናናሾቹ እያስቀጸለ፣ ማለትም ዜማውን እያስጠና፣ ይኖራል። ሲሳሳትም፣ ሲታረምም፣ ሲያኮርፍም መምህሩ ያዩታል። ወንበር የሚዘረጋለት እንዲህ ታውቆ ነው። የእኛ 15 ደቂቃ ይህን ሊያይ አይችልም። ዩኒቨርሲቲ ጉባኤ ቤት ይሁን እያልኩ አይደለም፤ አመልካቹ ብዙ ነው፣ የምንቀጥረውም የማናውቀውን ሰው ነው። ቢሆንም፣ ሰው ሲታረም ምን እንደሚመስል ሳያዩ ወንበር መስጠት ከባድ ነገር መሆኑን እነሱ ያውቁ ነበር።

ዶክተር አክሊሉ ለማን አስባለሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ወጣት ተመራማሪ ሆነው ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት ዓድዋ ወረዱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ፤ ለምን ብለው ጠየቁ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣው ስለሆነ፣ ያች ጥያቄ የዕድሜ ልክ ሥራ ሆነች፤ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም በእሳቸው መሥራችነት በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ተቋቋመ። በዚያ ወንዝ ዳር ከእሳቸው በፊት ስንት የተማረ ሰው አልፎ ይሆን? መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ እንላለን፤ በቅጥር ቅጻችን ላይ ግን መጠየቅ ምንም ነጥብ የለውም።

64 ማመልከቻ

ዘንድሮ ሁኔታው ተገልብጧል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ከሆኑ ወዲህ ወደ እኛ የሚመጣው ተማሪ ቀነሰ፤ አንዳንድ ትምህርት ክፍሎች ክፍል የሚሞላ ልጅ አጡ። የቅጥር ፈቃድ ቆመ። እኔ ስቀጠር ለ2 ቦታ 11 ሰው ተፈትኗል፤ አሁን ለ1 ቦታ ማስታወቂያው ሊዘጋ ቀናት ሲቀሩት 64 ማመልከቻ ገብቷል። ሁለተኛ ዲግሪ የሌለው የለም። ጋብቻ የመሠረቱ፣ ልጅ ያላቸው፣ ስምንትና አሥር ዓመት የሠሩ ሰዎች ናቸው። የወጪ መጋራት ዕዳቸውን ከፍለው ዋናውን ዲግሪ ያወጡበትን ደረሰኝ ሳይቀር አያይዘዋል።

በኮሚቴው ስብሰባ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ከነጥቡ 50 ላይ 10 እንቀንስ። በዚያ 10፣ ለእያንዳንዱ ተፈታኝ እኛ ራሳችን መልሱን የማናውቀው አንድ የአካባቢያችን የእርሻ ጥያቄ አንድ ቀን ቀደም ብለን እንስጥ። በማግሥቱ መልሱን ሳይሆን መልሱን እንዴት እንደሚፈልገው ይንገረን፤ ማንን ይጠይቃል፣ ምን ይለካል፣ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል፣ የት ላይ ሊሳሳት ይችላል?

አንድ የማከብረው ባልደረባዬ ተቃወመ። «ቁጥሩን የምንወደው ደግ ስለሆነ አይደለም፤ ስለሚጠብቀን ነው» አለ። «ነገ አንዱ ቅሬታ ይዞ ቢመጣ የጥያቄውን ጥራት በምን አሳየዋለሁ? የእገሌ ዘመድ ነው፣ የእገሌ አገር ልጅ ነው የሚል ወሬ በሚናፈስበት ጊዜ ለግምት በር የሚከፍት ነገር አታምጣ።» ልክ ነው። ይህን ስጽፍም ልክነቱ እንዳለ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ነጥብ ዓይነ ስውር ነው፤ ግን አባትህ ማን ነው ብሎ አይጠይቅም። በዘመድ የተያዘ ወንበር በስሕተት ከተያዘው የከፋ መሆኑን አይቻለሁ። ስለዚህ ሁለት ቀን ተከራከርን። መጨረሻ ላይ 10ሩ ተፈቀደ፤ መልሶቹ በጽሑፍ እንዲሆኑ፣ ስም ሳይኖራቸው በሁለት ሰው እንዲታረሙና ከፋይሉ ጋር እንዲቀመጡ ተስማማን። የመጨረሻዋን ነገር አጥብቄ የያዝኳት እኔ ነኝ። ከእኔ ፋይል ውስጥ የጠፋችው እሷ ናትና። የሦስቱ ፈታኞች የየግል ነጥብ እዚያ የለም፤ አማካዩ ብቻ ነው ያለው። ሽማግሌው ለእኔና ለዚያ ልጅ ምን እንደሰጡ ማወቅ አልችልም። ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል።

ስልኩ

የዚያ ልጅ ማመልከቻ ላይ የስልክ ቁጥሩ ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ቁጥር አይሠራም ብዬ ነው የደወልኩት፤ በሁለተኛው ጥሪ አነሳው። ራሴን ሳስተዋውቀው አላወቀኝም። «ጠመኔ የሰጠኸኝ» ስለው ሳቀ። የሚኖረው በሰሜን ወሎ አንድ ወረዳ ነው፤ የግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪውን ቅዳሜና እሑድ እየተመላለሰ በራሱ ገንዘብ ጨርሷል።

ምን ብሎ እንደመለሰ ጠየቅሁት። ጥያቄውን ላስታውሰው ስጀምር አቋረጠኝ። «የሁለት ዓመቱ ጥያቄ? እንዴት እረሳዋለሁ!» አለ። «አላውቅም ነው ያልኳቸው። ዘሩ አፈር ውስጥ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ካላወቅሁ ምንም ማለት አልችልም አልኩ። ሽማግሌው ‹እንዴት ታውቀዋለህ ታዲያ?› አሉኝ። ከማሳው አፈር ወስጄ አስቀምጣለሁ፤ በየዓመቱ ከዚያው ጥቂት ጥቂት እየቀነስኩ በማሰሮ ማሽላ እዘራበታለሁ፤ አቀንጭራው መውጣት እስኪያቆም እቆጥራለሁ አልኳቸው። ያኔ ሰዓቱ አለቀ።»

ወንበሬን ይዤ ተቀመጥኩ። በ22 ዓመቱ፣ በሰፊ ኮት ውስጥ፣ ቆሞ የተናገረው ነገር ሙከራ ነበር። ዛሬ ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎቼ ዘዴ አውጡ ስላቸው የምጠብቀው ይህንን ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ የሠፈረው ግን «ጥያቄውን መመለስ አልቻለም» የሚል ሦስት ቃል ነው። ዋሽተዋል ማለት አልችልም። አልመለሰም። ቅጹ ከመመለስና ካለመመለስ ሌላ ሣጥን አልነበረውም።

«ሞከርከው?» አልኩት።

«አራት ዓመት» አለ። «ቢሮው ጓሮ አሥራ ሁለት ማሰሮ ነበረኝ። አራተኛውም ዓመት ይበቅል ነበር። ከዚያ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወርኩ፤ የሚያጠጣቸው ጠፋ።»

ለተወሰነ ጊዜ ሁለታችንም ዝም አልን። እኔ ያን አራት ዓመት ደመወዝ እየበላሁ፣ የተሰጠኝን ማስታወሻ እየገለበጥኩ ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው ፈልጌ አፌ ላይ ቃል አልመጣም፤ ለምኑ ብዬ ልጀምር? እሱ ግን ስለ ቁጥሮቹ ማውራቱን ቀጥሏል፤ መዝገቡ አሁንም ቤቱ እንዳለ፣ ሦስተኛው ዓመት ላይ ከሁለተኛው የበለጠ የወጣበትን ምክንያት እስካሁን እንዳልደረሰበት። ድምፁ ውስጥ ቂም ፈለግሁ። የሰማሁት የዚያች የሦስተኛ ዓመት ነገር እንዳልለቀቀችው ነው።

ማስታወቂያ መውጣቱን ነገርኩት። የነገርኩት በአደባባይ የተለጠፈውን ብቻ ነው፤ ቢሆንም በማግሥቱ ለኮሚቴው ሰብሳቢ በጽሑፍ አሳውቄ ከጸሐፊነቱ ተነሣሁ። አንድን አመልካች እያወቅሁ፣ ያውም ይህን ያህል ባለዕዳው ሆኜ፣ ነጥብ የሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አልችልም። ባልደረባዬ የተከራከረለትን ነገር እኔው ላፈርሰው አልፈልግም። ከዚያ ወዲህ ስለ ፈተናው የማውቀው ነገር የለም፤ እንዳውቅም አልፈልግም።

እሱ ወዲያው እሺ አላለም። ከመሥሪያ ቤቱ መልቀቂያ ማግኘት እንደሚያስቸግር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ነጥቡ እንደ ሌሎቹ ከፍ ያለ እንዳልሆነ፣ ባለቤቱም እዚያው መምህርት መሆኗን ነገረኝ። አልገፋሁትም። መቼ እንደሚዘጋ ጠየቀኝ፤ ዓርብ አልኩት። ልንሰነባበት ስንል አንድ ነገር ጨመረ።

«ለሙከራ ትምህርቱ አሁን ጠመኔ አለ ወይስ ይዤ ልምጣ?»